ስለ ተለወጡ አሮጌ የጦር ሪቮልቨሮችና ስለሚጎርሱት ጥይት

በአማርኛ ከሚታወቁት የቀድሞ ጠመንጃዎች ስሞች መካከል «ሰናድር» እና «ውጅግራ» የተባሉት ከውጭ አገር ስም የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሰናድር ስናይደር ከተባለው አሜሪካዊ ስም የመጣ ሲሆን፣ ውጅግራም በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ»፣ ማለት የግራ ጠመንጃ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሁለቱም ከመለወጥ ሥራ የተገኙ መሣሪያዎች መሆናቸው ነው። እንግሊዞች በ1866 የተቀበሉት ሰናድር፣ አስቀድሞ ከአፉ ይጎርስ የነበረው የ1853ቱ የኤንፊልድ ጠመንጃ ኋላው ተቈርጦ ወደ ጐን የሚከፈት መዝጊያ የገባለት ነው። የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራም በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይተኩስ ከነበረው ከ1866ቱ ሻስፖ የመጣ ሲሆን፣ ብዙ ሻስፖዎች የናስ ቀለህ እንዲቀበሉ ተደርገው ግራ ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሁለት ለውጦች የተሳኩበት ምክንያት ከብረቱ ሥራ ብልኀት ብቻ የመጣ አይደለም። ጠመንጃውን የለወጠው መንግሥት ጥይቱንም ለዚያው ለተለወጠው ጠመንጃ አሠርቷል። ለሰናድር የሚሆነውን ጥይት በዉልዊች የነበረው ኮሎኔል ቦክሰር ከለውጡ ጋር አብሮ አዘጋጀው፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜም ጠመንጃውና ጥይቱ እንደ አንድ ዕቃ ተቈጥረው አብረው መጡ። መሣሪያውን የሚለውጠው አንድ ሰው፣ ጥይቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ ይህን ሰው የማያውቅ ሌላ ፋብሪካ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚከተል በግልጽ የሚያሳየው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ ገበያ የተሸጠው የእንግሊዝ ጦር ሪቮልቨር፣ ዌብሊ፣ ነው።

ዌብሊ በበርሚንግሃም ከተማ የተሠራ ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ ነው። የእንግሊዝ ጦር የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ማርክ 1ን፣ በ1887 ተቀበለ፤ የመጨረሻውና ከሁሉ በብዛት የተሠራው ማርክ 6 ግን በግንቦት 1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የወጣ ነው። ሽጉጡ ሲከፈት ከወገቡ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም በሲሊንደሩ፣ ማለት ስድስት የጥይት ማደሪያ ባለው ተሽከርካሪ ክፍል፣ መካከል ያለው ኮከብ መሳይ ማውጫ ተነሥቶ ስድስቱን ባዶ ቀለሆች በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ማውጫው ይህን ሊያደርግ የሚችለው በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ወጣ ያለ ከንፈር ስላለ ነው። ያው ከንፈር ሌላም ሥራ አለው፤ ጥይቱ ወደ ማደሪያው ጠልቆ እንዳይገባ ይዞ ያቆመዋል። ጥይቱ በቦታው ካልቆመ መቺው ካፕሱሉን ቢመታውም ወደ ፊት ይሸሽበታልና አይፈነዳም። ስለዚህ በሪቮልቨር ጥይት ላይ ይህች ትንሽ ከንፈር ጌጥ አይደለችም።

የዌብሊ ጥይት ስሙ 455 ነው፤ ይኸውም የአረሩ ስፋት በኢንች ሺሕኛ ሲቈጠር በግምት የሚሰጠው ስም ነው። ማርክ 2 የተባለው ጥይት 17 ግራም ያህል የሚመዝን ለስላሳ የእርሳስ አረር ሲኖረው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 180 ሜትር ያህል ነበር። ይህ ከባድና ዝግተኛ አረር ነው፤ በውስጡ የሚነሣውም ግፊት በካሬ ኢንች 13,000 ፓውንድ ያህል ቢሆን ነው። የሽጉጡ ብረት ውፍረት፣ የመታጠፊያውና የመቈለፊያው ጥንካሬ ሁሉ የተለካው በዚህ ልክ ነው። መጀመሪያ ታስቦ የነበረውም ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ጢስ አልባው ኮርዳይት የመጣው ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው፤ በ1913 የወጣው ማርክ 5 ሲሊንደሩ በጥቂቱ እንዲወፍር የተደረገውም ለአዲሱ ባሩድ ሲባል ነበር። የዌብሊ ሠሪዎች የአንድ ኢንች አሥረኛ በምታህል ውፍረት ይጨነቁ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ሌላ ጥይት ተወለደ። የአሜሪካ ጦር በ1911 ለተቀበለው ለኮልት አውቶማቲክ ሽጉጥ የተሠራው ጥይት ስሙ 45 ነው። አረሩ 15 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ250 ሜትር ያልፋል፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊትም በካሬ ኢንች 21,000 ፓውንድ ነው። አውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይቱን ከመያዣው እየገፋ የሚያጎርስ በመሆኑ፣ ወጣ ያለ ከንፈር ቢኖር ጥይቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፤ ስለዚህ የ45ቱ ቀለህ ከንፈሩ ከግንዱ አያልፍም፤ በግርጌው ላይ ቦይ ብቻ አለው።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ አውቶማቲኩ ሽጉጥ ለሠራዊቱ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ኮልትም ስሚዝና ዌሰንም ትልልቅ ሪቮልቨሮቻቸውን ይህንኑ ከንፈር የለሽ ጥይት እንዲጎርሱ አድርገው አቀረቡ፤ የሁለቱም ድምር ከ300,000 ያልፋል። የከንፈሩን ችግር የፈቱት በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በተቈረጠ ስስ ብረት ነው፤ ሦስት ሦስት ጥይት በቦዩ በኩል ይሰካበትና ሁለቱ ግማሽ ጨረቃዎች አንድ ሲሊንደር ይሞላሉ። ብረቱ ለጥይቱ ከንፈር ይሆነዋል ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1920፣ ፒተርስ የተባለው የጥይት ፋብሪካ ችግሩን ከሌላው ወገን ፈታው፤ ለ45ቱ ጥይት ወፍራም ከንፈር አበጀለትና ያለ ብረቱ በእነዚህ ሪቮልቨሮች እንዲተኰስ አደረገ። በመጀመሪያው መሣሪያው ወደ ጥይቱ፣ በሁለተኛው ጥይቱ ወደ መሣሪያው መጣ፤ በሁለቱም ግን ሽጉጡን የሠራው ፋብሪካ የትኛውን ጥይት እንደሚያስተናግድ ያውቅ ነበር።

የዌብሊ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የእንግሊዝ ጦር ከ1932 ጀምሮ ወደ ትንሹ የኤንፊልድ ሪቮልቨር እየተሸጋገረ ሄዶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ 455ቱን ዌብሊ ከሥራ አወጣው። በሺሕ የሚቈጠሩትም ለትርፍ የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ተሸጠው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ገቡ፤ በ1968 የወጣው ሕግ የውጭ አገር የጦር ትርፍ እንዳይገባ እስኪከለክል ድረስ ንግዱ ቀጠለ። ሽጉጡ ርካሽ ነበር፤ ጥይቱ ግን በአሜሪካ እምብዛም የማይገኝ፣ ቢገኝም ውድ ነበር። 45ቱ አውቶማቲክ ጥይት በአንጻሩ በየሱቁ የሞላ፣ ከጦሩም የተረፈው የበዛ ነበር። ነጋዴውም ገዢው የሚሻውን ተመልክቶ የዌብሊውን ሲሊንደር በቶርኖ ላይ አስሮ ከበስተ ኋላው ጥቂት አስላጨው፤ በተላጨው ቦታም የግማሽ ጨረቃው ብረት ገባ። ሥራው የደቂቃዎች ነው። ከዚያ ወዲያ ሽጉጡ 45ን ይጎርሳል።

እንዴት ሊጎርስ ቻለ ቢባል፣ ነገሩ በቍጥር ሲታይ ቀላል ነው። የ455ቱ ቀለህ ግንድ ከግርጌው 0.480 ኢንች ሲሆን የ45ቱ 0.476 ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ አይበልጥም። ርዝመቱም ቢሆን፣ ዌብሊ ረጅሙን የመጀመሪያውን የጥቁር ባሩድ ጥይት እንዲይዝ ተደርጎ የተቦረቦረ በመሆኑ፣ ለ45ቱ ቦታ አያንሰውም። ዓይንና ጣት የሚፈርዱት በስፋትና በርዝመት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ጥይቶች ለዓይንና ለጣት አንድ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ትልቁ ልዩነት ግፊት ነው፤ ግፊት ደግሞ ቀለሁ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አይታይም። የ45ቱ ከፍተኛ ግፊት ከ455ቱ አንድ ተኩል እጥፍ አልፎ ይሄዳል። ብዙ ባለ ሙያዎች እንደሚሉት ይህ መጠን ፋብሪካው አዲስ ሽጉጥ ሲፈትን አንድ ጊዜ ብቻ ሆን ብሎ ከሚተኵሰው ከባድ የፈተና ጥይት ጋር የሚተካከል ነው። እንዲህ ከሆነ የተለወጠውን ዌብሊ በፋብሪካ ጥይት የሚተኵስ ሰው ቃታውን በሳበ ቍጥር የፈተናውን ተኩስ ይደግመዋል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚቀርበው መከራከሪያ ሊታለፍ አይገባም። የእነዚህ ሽጉጦች ባለቤቶች ከሆኑት ብዙዎቹ «ይህን ያህል መቶ ጥይት ተኵሼበት አንዳች አልሆነም» ይላሉ፤ ውሸት አይናገሩም። ብረት ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ሁልጊዜ ወዲያው አይሰበርም። መጀመሪያ መቈለፊያው ይላላል፤ ቀጥሎ መታጠፊያው ይሳሳል፤ በሲሊንደሩም ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምርና በእያንዳንዱ ተኩስ በጥቂቱ ይሄዳል። ያለፈው መቶ ተኩስ ለሚመጣው ማስረጃ የሚሆነው ብረቱ ከመቶው በፊት እንደ ነበረ የቀረ እንደ ሆነ ነው፤ እዚህ ግን መቶው ተኩስ ራሱ ብረቱን ለውጦታል። የሲሊንደሩ ግድግዳ በማደሪያዎቹ መካከልና በውጭው በኩል ስስ ስለ ሆነ፣ በመጨረሻ የሚከፈለው ከዚያ በኩል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ሽጉጡ በሰው እጅ ላይ፣ ከሰው ፊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ጎረሰ ማለት ቻለ ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ የተላጨው ሽጉጥ ወደ ቀድሞው ጥይት መመለስ አይችልም። ኋላው ስለ ተቈረጠ የ455ቱ ስስ ከንፈር ከመቺው ይርቃል፤ አንዳንዱ ይፈነዳል፣ አንዳንዱ አይፈነዳም። ስለዚህ መሣሪያው በራሱ ጥይት አይተኵስም፤ በአዲሱ ጥይት ደግሞ ይጎዳል። ጠንቃቃ የሆኑት ባለቤቶች ያገኙት መንገድ ወፍራም ከንፈር ያለውን የፒተርስን ዓይነት ቀለህ ወስዶ፣ በውስጡ የ455ቱን የሚያህል ጥቂት ባሩድና ለስላሳ የእርሳስ አረር ማስቀመጥ ነው። ነጋዴው ያፈረሰው የመሣሪያና የጥይት ስምምነት ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደገና ተሠራ ማለት ይቻላል።

አለመስማማት ሁልጊዜ በግፊት መብዛት ብቻ የሚገለጥ እንዳይመስል አንድ ሌላ ምሳሌ መጨመር ይገባል። ስሚዝና ዌሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ቪክቶሪ» የተባለውን ሪቮልቨር ለእንግሊዝና ለተባባሪዎቿ በብዛት ሠርቶላቸው ነበር፤ የሚተኵሰውም አጭሩን የእንግሊዝ 38 ጥይት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ማደሪያቸው ወደ ፊት ተቦርቡሮ ረጅሙን «38 ስፔሻል» እንዲጎርሱ ተደረጉ። ሁለቱም 38 ይባሉ እንጂ የአጭሩ ቀለህ ግርጌ 0.386 ኢንች፣ የረጅሙ 0.379 ነው፤ አረሩም በአጭሩ 0.361፣ በረጅሙ 0.358 ያህል ነው። እንግዲህ የተቦረቦረው ማደሪያ ከበስተ ፊቱ ለአዲሱ ጥይት ልክ ሲሆን ከበስተ ኋላው ለአሮጌው የተሠራ ስፋት ይቀርለታል። ቀለሁ ሲተኰስ በግርጌው በኩል ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፤ አረሩም ከቱቦው ስለሚጠብብ ዒላማውን ይስታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አሳሳቹ ስም ነው። «38» የሚለው ቍጥር ለሁለቱም ትክክለኛ ልክ አይደለም፤ የልማድ ስም ነው፤ የልማድ ስምን እንደ ልክ የቈጠረ ሰው ይሳሳታል።

የሩሲያው ናጋንት ግን በራሱ ጠባይ ለእንዲህ ያለው ለውጥ አይመችም። በ1895 የተቀበሉት ይህ ሪቮልቨር ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከቱቦው ጋር ይገጥማል፤ ረጅሙ ቀለህም አረሩን ሙሉ በሙሉ በውስጡ ይዞ አፉን ወደ ቱቦው አስገብቶ ጋዙ እንዳያመልጥ ይዘጋል። ሌላ አጭር ጥይት ቢገባበት ይህ የመዝጋት ሥራ ይቀራል፤ የሽጉጡም ልዩ ጥበብ አብሮ ይጠፋል።

ለኢትኖሎጂ ተመራማሪ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በኢትዮጵያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያም በኋላ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይሄድ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ በተለይም የውጅግራ ጥይት። እንዲህ ባለ ገበያ የጥይቱ ዋጋ በናሱ ብቻ ሊወሰን አይችልም፤ የሚጎርሰው መሣሪያ በአካባቢው መኖሩም ዋጋውን ይሰጠዋል። ጥይትና መሣሪያ መስማማታቸው የፋብሪካ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያና የኑሮ ጉዳይ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። በአሜሪካም ዌብሊውን ያስላጨው ይኸው ነው፤ ሽጉጡ እንከን አልነበረበትም፣ ጥይቱ በገበያው አልነበረም እንጂ።

ሁለተኛው ጥቅም ስለ ሙዚየም መዝገብ ነው። የተለወጠ ዌብሊ በአካሉ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ «ማርክ 6» እና «1915» ይላል፤ ይህን የሚያነብ መዝጋቢም 455 ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፤ ስለ በርሚንግሃሙ ሽጉጥ እውነት ይናገራል። በእጅ ያለው ዕቃ ግን በከፊል የበርሚንግሃም፣ በከፊል የአሜሪካ ቶርኖ ሥራ ነው። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ተበላሸ ብለው ዋጋውን ዝቅ ያደርጉበታል። ለኢትኖሎጂ ግን ያልተነካው ሽጉጥ የሚያሳየው አንድ ፋብሪካን ሲሆን፣ የተላጨው ጦርነትን፣ የትርፍ ንግድንና የገዢን ፍላጎት አብሮ ያሳያል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ቢያስፈልግ የተላጨው ቢመረጥ ስሕተት አይሆንም።

በእንግሊዝ የመፈተኛ ቤቶች ለሲቪል ሽያጭ ያለፉ መሣሪያዎች ሌላ ማኅተም አላቸው፤ እርሱም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ለምሳሌ በብዙ የኤንፊልድ ሪቮልቨሮች ላይ 38፣ 0.767 እና 3½ ቶን የሚሉ ቍጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የጥይቱ ስም፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት በኢንች፣ ሦስተኛው በካሬ ኢንች የሚፈቀደው ግፊት በእንግሊዝ ቶን ነው። የአለካኩ ዘዴ የተለየ ስለ ሆነ 3½ ቶኑን በፓውንድ መንዝሮ ዛሬ ከሚጻፈው ቍጥር ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ማደሪያው ተቦርቡሮ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ቍጥሩ የሚናገረው ስለ ቀድሞው ማደሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ መዝጋቢው መሣሪያው ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ከጽሑፉ በፊት ብረቱን ማየት ይኖርበታል። ሽጉጡ ተዘግቶ ከጐን ሲታይ በሲሊንደሩ ኋላና በአካሉ መካከል የሚገኘው ክፍተት ከተለመደው የሰፋ ከሆነ፣ የኮከቡም ማውጫ ገጽ አዲስ የቶርኖ መሥመር ካለበት፣ ተላጭቷል። የእያንዳንዱ ማደሪያ ስፋት ከኋላም ከፊትም ይለካል፤ ከኋላው ሰፍቶ ወደ ፊት በደረጃ ወይም ባልተለመደ መጠን የሚጠብ ከሆነ ተቦርቡሯል። በካርዱም ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ «ዌብሊ ማርክ 6፤ በርሚንግሃም፤ በመጀመሪያ ለ455 ጥይት የተሠራ። ሲሊንደሩ በኋላ ዘመን ተላጭቶ በግማሽ ጨረቃ ብረት 45 አውቶማቲክ ጥይት ይጎርሳል፤ የዚህን ጥይት ግፊት ግን አይችልም። አይተኰስም።»